ሰማንያ ሜትር ሲቀር የተመለሱበት ተራራ ይቆጠራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ ተራራ መውጣት፣ በተለይም በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጫፍ እደርሳለሁ ብሎ ቁጥር ቆርጦ ስለመነሣት የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ግላስጎ ውስጥ በነርስነት ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው መስከረም አንድ፣ አደይ አበባ በሌለበት አገር ዘመን መለወጫን ሳከብር፣ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ድረስ ሃምሳ መንሮ ልወጣ ለራሴ ቃል ገባሁ። ለማያውቁት አንባቢያን፣ መንሮ የሚባለው ከፍታው ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ የሆነ የስኮትላንድ ተራራ ነው። ማእድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሃምሳ ባዶ ክብ የሣልኩበት ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ አንድ ተራራ በወጣሁ ቁጥር አንዱን ክብ ቀይ እቀባለሁ። አሁን ጥር ገብቷል፤ የቀላው ዘጠኝ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ከሦስቱ በአንዱ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ለጫፉ ሰማንያ ሜትር ከፍታ ብቻ ሲቀረኝ ነፋሱ አላስቆም ስላለኝ በጉልበቴ ተንበርክኬ ወረድኩ። ያቺን ክብ ልቀባት ወይስ ልተዋት? ለተራራ የሚተርፈኝ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ሃምሳውን እንዴት ላሟላ? ጓደኞቼ ደግሞ «የአገሩ ትልቁ ተራራ ከመርካቶ ያንሳል፤ ይሄ ምኑ ተራራ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል።

ክብ ቀቢዋ፣ ከግላስጎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጓደኞችዎ ቀልድ ልጀምር፤ በቀልዱ ውስጥ ያለው ስሕተት የቀሩትን ጥያቄዎችዎንም ይነካልና። ቁጥሩን አልሳቱትም። የብሪታንያ ከፍተኛው ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር፣ የትውልድ ከተማዎ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው የተቀመጡት። ነገር ግን እግር የሚወጣው በመነሻውና በጫፉ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ማርያም የሚደርስ ሰው ሽቅብ የሚወጣው ጥቂት መቶ ሜትሮችን ብቻ ነው፤ ቤን ኔቪስን የሚወጣ ሰው ግን መንገዱን የሚጀምረው ከባሕሩ ጠለል ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ስለሆነ 1,300 ሜትር ያህሉን ዳገት በገዛ ጉልበቱ ይከፍለዋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት ላይ ስትገኝ ቤን ኔቪስ ወደ 57 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስም በመንገዱ የሚላተመው ከእነዚህ ተራሮች ጋር ነው። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ግላስጎ ላይ ካፊያ የነበረው ከላይ በረዶ ሆኖ ይጠብቃል። ጓደኞችዎን በአንድ የጥር ቅዳሜ ይዘዋቸው ይሂዱና ከመኪና ማቆሚያው ግማሽ ሰዓት ብቻ ሽቅብ ያስኪዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ መርካቶን የሚያነሣ አይኖርም።

ወደ ክቧ ስንመጣ፣ መልሴ አጭር ነው፤ አይቀቧት። ሰር ሂዩ መንሮ የስኮትላንድን ከፍተኛ ተራሮች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1891 ካሳተመ ወዲህ፣ ዝርዝሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ኖሯል፤ እሱም ጫፉን መርገጥ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ በዝርዝሩ ታሪክ አዲስ አይደለም። ሁሉንም ተራሮች በመጨረስ የመጀመሪያው ሰው ነው የሚባለው ቄስ ሮበርትሰን ድካሙን የፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1901 ቢሆንም፣ ቤን ዋይቪስ የተባለውን ተራራ በዝናብ ምክንያት ጫፉ ሳይደርስ ተመልሶ ሊሆን ይችላል እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሰውየው ከሁለት መቶ በላይ ተራሮችን ወጥቶ ሲያበቃ፣ ዛሬ ስሙ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ያቺ አንዲት ዝናባማ ቀን ናት። መዝገቡ ለተራሮቹም ቢሆን አይራራም፤ ቤን አ ክሌይቭ የተባለው ተራራ እ.ኤ.አ. በ2012 በዘመናዊ መሣሪያ ሲለካ ከ3,000 ጫማ ሁለት ጫማ ጎድሎ ስለተገኘ ከዝርዝሩ ተሰርዟል፤ የመንሮዎቹ ቁጥርም 282 ሆኖ የቀረው በዚያ ምክንያት ነው። መንሮ ራሱ፣ ይህን ሁሉ ሰው ዳገት ለዳገት የሚያሯሩጠው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሞት የገዛ ዝርዝሩን አልጨረሰም ነበር።

ይህን ስል ያ ቀን ባክኗል ማለቴ አይደለም። ከክቦቹ ወረቀት ጎን ሌላ ወረቀት ይለጥፉና ሦስቱን ምልሶች በቀናቸው፣ በደረሱበት ከፍታና በምክንያታቸው ይጻፏቸው፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ከዘጠኙ ቀይ ክቦች ይልቅ የሚያማክርዎ ያ ወረቀት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ወረቀት መያዝ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ምክንያቱን ብነግርዎ ምናልባት ይጠቅምዎታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኤድንብራ እኖር በነበረበት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ዓመት ውስጥ ሃያ መንሮ እወጣለሁ ብዬ ቁጥር ቆርጬ ነበር። በፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ አሥራ ዘጠኝ ደርሼ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሃያኛውን ፍለጋ ሺሃልየን ወደተባለው 1,083 ሜትር ተራራ ብቻዬን ሄድኩ። ተራራው የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1774 የሥነ ፈለክ ሊቁ ኔቪል ማስከሊን የመሬትን ክብደት ለማወቅ፣ ተራራው ቱንቢን ምን ያህል ወደ ራሱ እንደሚስብ የለካበት ሲሆን፣ ከዚያ ልኬት የተገኘውን ቁጥር ያሰላው ቻርልስ ሀተን ዛሬ በካርታዎቻችን ላይ የምናያቸውን የእኩል ከፍታ መስመሮች ቀድመው ከተጠቀሙባቸው ሰዎች አንዱ ነው። እኔ ታዲያ እነዚያ መስመሮች የተሣሉበትን ካርታ ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ፣ ስልኬን ይዤ ነው የወጣሁት።

የእግር ጉዞን ጊዜ ለመገመት እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ የሚሠራበት የኔይስሚዝ ደንብ የሚባል ስሌት አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። የሺሃልየን ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዳገቱም ከ700 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በስሌቱ ከሦስት ሰዓት ጥቂት አለፍ ይላል። ከመኪናዬ የወረድኩት በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ በዚያ ወቅት በዚያ ስፍራ ፀሐይ የምትጠልቀው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ጊዜው ይበቃል። ስሌቱ ግን የተሠራው ዕረፍት ለማያበዛ ጠንካራ ተጓዥና ለደረቅ መንገድ ነው። የሺሃልየን ላይኛው ክፍል ተሠርቶ የተነጠፈ መንገድ የለውም፤ ሰው የሚያህሉ፣ ወንበር የሚያህሉ፣ ድስት የሚያህሉ ድንጋዮች ተዘርግፈው የሚታዩበት ረጅም ጀርባ ነው። በየድንጋዩ መካከል በረዶ ገብቶ ጉድጓዱን ሸፍኖታል፤ እግሬን ባሳረፍኩ ቁጥር ቋጥኝ ይሁን ባዶ አላውቅም። ጫፉ ነው ያልኩት ሁሉ እየቀረብኩት ሲሄድ ከበስተኋላው ሌላ ጫፍ ያሳየኛል። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መመለስ እንደነበረብኝ አውቅ ነበር፤ ሰዓቴን አይቼ፣ «አሥራ ዘጠኝ ብሎ ነገር ምንድን ነው?» አልኩና ቀጠልኩ። ጫፉን ነካሁ። ፎቶግራፍ ላነሣ ስልኬን ሳወጣ ግማሽ ያህል ኃይል የነበረው ባትሪ በብርዱ ጠፋ፤ ካርታዬም መንገድ ማብሪያዬም እሱ ነበር። በጨለማ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ፣ በሁለት ሰዓት የሚወረደውን አምስት ሰዓት ፈጅቼ ወረድኩ፤ የግራ ጉልበቴንም አንዱ ድንጋይ ቅርቃር ውስጥ ጠመዘዝኩት። ሃያኛው ተቆጥሯል። በሚቀጥለው ዓመት ግን እስከ ሰኔ ድረስ አንድም ተራራ አልወጣሁም።

ቁጥር ሰውን ከአልጋው ያስነሣል፤ ለዚህ እኔም ምስክር ነኝ፤ ያለ ቁጥሩ የዚያን ዓመት ግማሹን ቅዳሜ ተኝቼ አሳልፈው ነበር። ችግሩ ጠዋት የሚያስነሣን ቁጥር ከሰዓት በኋላ ተመለስ የማይል መሆኑ ነው። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓትዎን ከቤት ሳይወጡ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ አብሮዎት ለሚሄደው ሰውም ይንገሩት። ተራራው ላይ ሆኖ የሚቆረጥ ሰዓት ሁልጊዜ ይገፋል።

አሁን ወደ ሃምሳው እንምጣ። ወደ ኋላ የቀሩት በስንፍናዎ አይደለም፤ በዘመን መለወጫችን ምክንያት ነው። መስከረም በደብረ ብርሃን ክረምቱ ወጥቶ፣ ጉሙ ተገፎ ምድር የምታብብበት ነው፤ በስኮትላንድ ግን መስከረም የጨለማው ደጃፍ ነው፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው አስቸጋሪ ወቅት በሙሉ በዓመትዎ መጀመሪያ ላይ ወድቋል። በአራት ወር ዘጠኝ መውጣትዎ እንዲያውም ደህና ነው። ሒሳቡን በግልጽ እንሥራው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ሃያ ሳምንት ያህል አለ፤ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ከሆነ አሥር ጉዞ ይሆናል። ከአሥሩ ሦስቱን ዝናብና ነፋስ ይወስዱብዎታል ብለን እንያዝ፤ ይህ ለስኮትላንድ ለጋስ ግምት ነው። በቀሩት ሰባት ቀናት፣ አንዳንዱ ቀን አንድ፣ አንዳንዱ ሦስት እያለ፣ አሥራ ሰባት ያህል ይወጣሉ። እስከዚያ በክረምቱ ሦስት ቢጨምሩ፣ ከዘጠኙ ጋር ሃያ ዘጠኝ ነው። ሃምሳውን ሠላሳ ያድርጉት። ካለቀሱ አልፈርድብዎትም፤ ነገር ግን ሃያ ክብ ማጥፋት በሐምሌ ወር ከምሽት ፈረቃ ወጥቶ እንቅልፍ ሳይተኙ መሪ ከመጨበጥ ይሻላል፤ ተራራ ወጪን ወደ ቤት የሚያስነዳው ድካም ከገደሉ ያላነሰ አደጋ አለውና።

ተራሮቹን ሲመርጡ በአንድ ቀን የሚያያዙትን ይፈልጉ። በግሌን ሺ ከበረዶ መንሸራተቻው መኪና ማቆሚያ፣ ከ600 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ስለሚነሡ፣ ሦስት መንሮዎችን በግማሽ ቀን ይጨርሳሉ፤ ለአጭር የክረምት ቀንም ይስማማል። እውነቱን ለመናገር ውበቱ ብዙም አይደለም፤ በበረዶ መንሸራተቻ ሽቦዎችና ምሰሶዎች መካከል ነው የሚሄዱት፤ ክብ ግን ክብ ነው። ቤን ሎወርስን ከጎረቤቱ ቤን ግላስ ጋር አንድ ላይ ይይዙታል። በሰኔ ደግሞ፣ ከማለዳው እስከ እኩለ ሌሊት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ብርሃን በሚኖርበት ጊዜ፣ ጉልበትዎ ከፈቀደ ከግሌን ሺል በስተ ደቡብ ያለውን ሸንተረር ይሞክሩት፤ በአንድ ረጅም ቀን ሰባት መንሮ ነው። ያ ቀን አንድ ተራራ ብቻ በሚወጡበት ቀን ምትክ ከተሳካ ሠላሳው ሠላሳ ስድስት ይሆናል። ግንቦት ከሁሉም ወር ይበልጣል፤ ደረቅ ቀን የሚበዛበት፣ ተናካሾቹ ጥቃቅን ትንኞች ገና ያልተነሡበት ነው። በሐምሌ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ድንኳንዎን ሲከፍቱ ትንኞቹ ፊትዎ ላይ እንደ ጤፍ ይበተናሉ።

እስከዚያው በጥርና በየካቲት ለመውጣት ከፈለጉ፣ የበረዶ መጥረቢያና ከጫማ ሥር የሚታሰረው የብረት ጥርስ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ አጠቃቀማቸውን ከሚያውቅ ሰው መማር ያስፈልጋል። ተንሸራተው ሲወድቁ በመጥረቢያው ራስን ማስቆም ካልተለማመዱት በስተቀር በሁለት ሰከንድ ውስጥ ታስቦ የሚደረግ ነገር አይደለም። የወረቀት ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ከመለዋወጫው ጋር ይያዙ፤ ስልክዎን ከሰውነትዎ ሙቀት ሳያርቁ በውስጥ ኪስ ይክተቱት። የከተማውን ሳይሆን ለተራሮች ተብሎ የሚወጣውን የአየር ትንበያ ይመልከቱ፤ ጫፍ ላይ ያለው ነፋስ ከሸለቆው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አደጋ ቢደርስ 999 ደውለው መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ብለው ይጠይቁ፤ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ገንዘብም አያስከፍሉም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እኔም በዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጫፍ ብዬ መነሣት እፈልጋለሁ፤ ግን እንደ ስኮትላንዱ ያለ ዝርዝር የለንም። 3,000 ሜትርን ወሰን ላድርግ?

ጀማሪው

መልስ፦ 3,000 ሜትር ለእኛ አገር ጥሩ ወሰን አይሆንም፤ በሰሜን ሸዋና በጎጃም ገብስ የሚዘራበት፣ ልጆች ከብት የሚያግዱበት ሜዳ ከዚያ በላይ ነውና፣ በሬ የሚያርስበትን ሁሉ ጫፍ ብለው ሊቆጥሩ ነው። ከከፍታው ይልቅ ከዙሪያው ምን ያህል ብቅ እንዳለ ይመልከቱ። ስኮትላንዶችም ኮርቤት ለሚሏቸው፣ በ2,500 እና በ3,000 ጫማ መካከል ላሉት 222 ተራሮች፣ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 500 ጫማ ዝቅታ ይጠይቃሉ፤ ይህም ከተራራው ጫፍ ወደ ሌላ ከፍ ያለ ተራራ ለመሻገር መጀመሪያ 150 ሜትር ያህል መውረድ አለብዎት ማለት ነው። በዚህ መለኪያ በከተማዎ ዙሪያ እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ፣ ፉሪ፣ ትንሽ ራቅ ብሎም ዝቋላ አሉልዎ። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከአምስቱ የመጨረሻው ይሁን። ዝቋላን በጥቅምት ወይም በመጋቢት አቦ ከወጡ ብቻዎን አይሆኑም፤ ሐይቁን ለማየት ጸጥታ ከፈለጉ ግን ሌላ ቀን ይምረጡ። አምስቱን አንዴ ወጥቶ ከመጨረስ ይልቅ እያንዳንዱን በበጋም በክረምትም ይውጡትና አሥር ይቁጠሩ፤ በነሐሴ ጭቃ የሚወጣ የረርና በኅዳር የሚወጣ የረር አንድ ተራራ አይደሉም። ከመሄድዎ በፊት የአካባቢውን ሰዎች ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው መጠየቅዎን አይርሱ፤ የሚያውቀው የሰፈሩ እረኛ ከማንኛውም ካርታ ይልቃል።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ ተራራ መውጣቴን ላቁም? ቁጥሬ እንዳይጎድል እፈራለሁ። የምኖረው አበርዲን ነው።

ጿሚው

መልስ፦ በሥራ ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ በበረዶ ላይ ዳገት መውጣት አይገባም፤ ሰውነት ሙቀቱን የሚያመነጨው ከበላው ነው፤ ብርድ የገባበት ሰው ደግሞ ውሳኔው ከእግሩ ቀድሞ ይዝላል። ቅዳሜና እሑድ ግን ከቀዳም ሥዑር በስተቀር የሰዓት ጾም ስለሌለ፣ ጉዞዎን በእነዚያ ቀናት ያድርጉ፤ ምግቡ የጾም ከሆነ ምንም የሚጎድል ነገር የለም። ቆሎ ከለውዝ ጋር፣ ቴምር፣ ዳቦ ቆሎ ይያዙ፤ ዳቦ ቆሎውን ጓንት ሳያወልቁ ለመዝገን እንዲመች በፌስታል ሳይሆን በሰፊ አፍ ዕቃ ያድርጉት። በሶውን ቤት ውስጥ በጥብጠው አይውጡ፤ ይቀዘቅዝና ለመጠጣት ያስጠላል። ዱቄቱን ከስኳርና ከትንሽ ጨው ጋር ለብቻው ይያዙና፣ ከነፋስ የሚከልል ድንጋይ ሥር ሲደርሱ በፔርሙዝ ከያዙት ሙቅ ውኃ በኩባያ ይበጥብጡት፤ ቀጠን ቢል ይሻላል፤ ወፍራሙ በሶ ለሚቀጥለው ዳገት ከባድ ነው።